አይስ ኤጅ 2ን ከልጆች ጋር ለምታዩ፦ እኛ ድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ልጆች እኛ ሳሎን ተሰብስበው ይህን ፊልም ሲያዩ፣ እነሱም ወላጆቻቸውም ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ፊልሙ የትኛው ነው? ልጆቹ «የማሞዙ ካርቱን» የሚሉት ይሄ ነው?

አዎ፣ እሱው ነው። ማሞዝ ጸጉራም የጥንት የዝሆን ዘመድ ነው። ሙሉ ስሙ «አይስ ኤጅ 2፦ ዘ ሜልትዳውን» ነው። አይስ ኤጅ የበረዶ ዘመን ማለት ነው፤ ሜልትዳውን ደግሞ መቅለጥ። የሠራው ብሉ ስካይ የሚባል የአሜሪካ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ብራዚላዊው ካርሎስ ሳልዳኛ ነው። ርዝመቱ 91 ደቂቃ ነው። ሙቀቱ በረድ እስኪል ቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ ለማየት ልክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው መጋቢት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2006 መሆኑ ነው። ይህን ዓመት ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ። በዓለም ዙሪያ 660 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። በዚያ ዓመት ከወጡት የአኒሜሽን ፊልሞች በገቢ የሚስተካከለው አልነበረም። ስቱዲዮው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቷል። እነዚህን እንስሳት የወደደ ሰው ሁሉ ያን ዜና ሲሰማ ከፍቶታል፤ እኔንም ጨምሮ።

አንደኛውን ያላየ ልጅ ይህን ማየት ይችላል?

ይችላል። ታሪኩ ራሱን የቻለ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩት። ማኒ የሚባለው ማሞዝ ድሮ ሚስትና ልጅ ነበረው፤ አዳኞች ገደሉበት። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው አንደኛው ፊልም ላይ ይህ የሚታወቀው ማኒ ዋሻ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ፊት ሲቆም ነው። አንድም ቃል አይናገርም። ይህን ያልሰማ ልጅ፣ ሁለተኛው ላይ ማኒ ለምን እንደዚያ እንደሚተክዝ አይገባውም።

ከዚህኛው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2012 እና በ2016 ሌሎች ሦስት ወጥተዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ማኒ፣ ስሎዝ የሚባለው እንስሳ ሲድና ባለረጅም ክራንቻው ዲዬጎ ከብዙ እንስሳት ጋር ዙሪያውን በበረዶ ግንብ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ ቀን ግንቡ ላይ ሲወጡ ከወዲያ ያለውን ያያሉ። በረዶው እየቀለጠ ውሃ ሆኗል። ግንቡ ከተናደ ሸለቆው ይሰጥማል። አንድ ጥንብ አንሳ መጥቶ ከሸለቆው ማዶ ጀልባ እንዳለ፣ የቀራቸውም ሦስት ቀን ብቻ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ሁሉም ልጁን ይዞ መንገድ ይጀምራል።

ማኒ የዘሩ የመጨረሻ እንደሆነ ሲወራ ይሰማል። ደግሞም ያምናል። ከዚያ ኤሊን ያገኛል። ኤሊ ማሞዝ ናት፤ እሷ ግን ኦፖሰም የሚባለው ትንሽ እንስሳ ነኝ ብላ ታምናለች። ክራሽና ኤዲ የሚባሉ ሁለት ኦፖሰም ወንድሞችም አሏት። ከበረዶ የተፈቱ ሁለት የባህር አውሬዎች ከውሃው ሥር ይከተሏቸዋል። ዲዬጎ ደግሞ ውሃ ይፈራል። መጨረሻውን እዚህ አልናገርም። ከታች ግን በአንድ ሁለት መልስ ውስጥ ስለሚወጣ ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል? አያስፈራም?

አሜሪካኖቹ «ወላጅ አብሮ ቢኖር ይመረጣል» በሚለው ደረጃ አስቀምጠውታል። ልክ ነው። ትንንሾቹን የሚያስፈሯቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው፦ የባህር አውሬዎቹ ከበረዶው ሥር ሲመጡና ጥንብ አንሳዎቹ ሲዘፍኑ። ዘፈኑ ከድሮ የእንግሊዝ ሙዚቃዊ ቲያትር የተወሰደ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ የሚዘፍኑት የተራቡ ሕፃናት ናቸው፤ እዚህ ግን ጥንብ አንሳዎቹ መንገደኞቹን ለመብላት እየጎመዡ ይዘፍኑታል። ትልልቆቹ ይስቃሉ። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ጭናችሁ ላይ አድርጓቸው።

በምን ቋንቋ እናሳያቸው? ትክክለኛውንስ ፊልም እንዴት እንለይ?

እኛ ጋ እጅ ላይ የሚገባው እንግሊዝኛው ነው፤ በዲሽ የሚመጣውን ዓረብኛውን የሚከታተሉ ልጆችም አሉ። ሳሎናችን ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ስለሚቀመጡ፣ አስተርጓሚው ብዙ ነው። አንዱ የገባውን ለሌላው ይነግራል። ፊልሙ ላይ ብዙ የሚያስቀው፣ አንዲት ፍሬ ሲያሳድድ የሚኖረው ትንሹ እንስሳ ስክራት ደግሞ ቋንቋ የለውም። ጩኸትና ሩጫ ብቻ ነው። እሱን የሚያስተረጉም አያስፈልግም።

ፍላሽ ላይ ስታስጭኑ እዚያው ከፍታችሁ እዩ። አንዴ ሁለተኛውን ብዬ ሦስተኛውን ጭነውልኝ፣ አሥራ አንድ ልጅ ሰብስቤ አፍሬ ነበር። መለያው መክፈቻው ነው። ስክራት ብቻውን የበረዶ ግንብ እየወጣ፣ ከግንቡ ውሃ እየፈነዳበት ቀዳዳውን በእጅ በእግሩ ለመድፈን ሲታገል ከጀመረ ሁለተኛው ነው። ገና ከመጀመሪያው ሴት ስክራት ከመጣች ሦስተኛው ነው።

እንስሳቱ በአማርኛ ምን ይባላሉ?

ማሞዝን ማሞዝ ነው የምንለው። ለስሎዝና ለኦፖሰም ግን የአማርኛ ስም የለንም፤ አገራችን ውስጥ የሉምና። የዛሬው ስሎዝ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ቀርፋፋ እንስሳ ነው። ሲድ ግን መሬት ላይ ይራመዱ ከነበሩት፣ ዛሬ ከጠፉት የስሎዝ ዘሮች ነው። ከእነሱ ትልቁ እስከ 4 ቶን ይመዝን ነበር። ኦፖሰም ድመት የምታክል የአሜሪካ እንስሳ ናት፤ ልጆቿን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ታሳድጋለች። አደጋ ሲመጣባት የሞተች መምሰሏ እውነት ነው። በጅራቷ ተንጠልጥላ መተኛቷ ግን የፊልም ነው። ዲዬጎን ልጆቹ ነብር ይሉታል። እውነተኛ ስሙ ስማይሎደን ነው፤ ነብርም አንበሳም አልነበረም። ከዘሩ ትልቁ ክራንቻው ከነሥሩ እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር።

ስክራት ላይ ስንደርስ ጨዋታው ይደምቃል። ልጆቹ ሽኮኮ ይሉታል። የሚያሳድዳት ፍሬ የኦክ ዛፍ ፍሬ ናት፤ እኛ ጋ ግን ለውዝ ሆናለች። የባቢሌ ለውዝ በሰሐን ይዘው እየፈለፈሉ የሚያዩ ልጆች ሌላ ምን ሊሏት ይችላሉ? ስክራት በልብ ወለድ የተፈጠረ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን አርጀንቲና ውስጥ ረጅም ክራንቻ ያለው የትንሽ እንስሳ ቅሪተ አካል መገኘቱ ይፋ ሆነ። ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ሲያዩት ስክራትን ቁርጥ ነው።

አሁን ልጆቹን ዝም የሚያሰኘውን ልንገራችሁ። በድሬና በሐረር ተራሮች ድንጋይ ለድንጋይ የምትሯሯጠው የእኛዋ ሽኮኮ፣ ከፈረንጆቹ ባለጭራ ዛፍ ወጪ ጋር አትዛመድም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት በዘር በጣም ከሚቀርቧት አንዱ ዝሆን ነው። ይህን ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። ጥርሷንና እግሯን የሚያጠኑ ሰዎች ግን ከብዙ ዘመን በፊት የደረሱበት ነገር ነው፤ በኋላ በዘረ መልም ተረጋግጧል።

እነዚህ እንስሳት በእውነት ኖረዋል? ሰው አይቷቸው ያውቃል?

ኖረዋል። ሰውም አይቷቸዋል፣ አድኗቸዋል፣ ዋሻ ላይም ስሏቸዋል። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ያበቃው የዛሬ 11,700 ዓመት ገደማ ነው። ማሞዞች ግን ያኔ ሁሉም አልጠፉም። ከሩሲያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ቭራንገል በምትባል ደሴት ላይ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ 4,000 ዓመት ድረስ ቆይተዋል። የግብፅ ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ ማሞዝ ገና ምድር ላይ ነበረ ማለት ነው። የአየሩ መሞቅና የሰው አደን አብረው እንደጨረሷቸው ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ፤ የሚከራከሩት የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ ነው።

ሁለቱ የባህር አውሬዎች ዳይኖሰር ናቸው?

አይደሉም። ክሪቴሸስና ሜልስትሮም ይባላሉ። የባህር ተሳቢ እንስሳት ናቸው፤ አንደኛው አዞ ይመስላል። ዳይኖሰር የሚመጣው ሦስተኛው ፊልም ላይ ነው። እንደነዚህ ያሉ ጥንታዊ አውሬዎች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወይም ከዚያም ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ማሞዝን በዓይናቸው አላዩም። በረዶ ውስጥ ቆይቶ ሲቀልጥ ተነስቶ መዋኘት የፊልም ነገር ነው።

ባሕሩ ግን እዚሁ ነበር። ድሬን ከደቡብ የከበቧት የኖራ ድንጋይ ተራሮች በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፉ ናቸው። የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው ድንጋይ የባሕር ወለል ነው። ልጆቹን ወደ ተራራው ይዛችሁ ስትወጡ ይህን ንገሯቸው። ዓይናቸው ከድንጋዩ አይነሳም።

ማሞዝና የባቢሌ ዝሆን ምን ይዛመዳሉ?

የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ለማሞዝ ይበልጥ የሚቀርበው የእስያ ዝሆን ነው፤ የእኛ የአፍሪካው ትንሽ ይርቃል። የማሞዞች የመጀመሪያ አያቶች ግን የተነሱት ከአፍሪካ ነው። ከዚህ ወጥተው ወደ ብርድ አገር ሄዱ። እዚያ ጸጉር አወጡ፣ ቆዳቸው ሥር ጮማ አከማቹ፣ ጆሯቸው አነሰ። የማሞዝ ጆሮ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ብርድ ላይ ትልቅ ጆሮ ሙቀት ያስወጣል። የእኛ ዝሆን ጆሮውን የሚያራግበው ለዚሁ ነው። ድሬዳዋ በግንቦት የዋለ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም።

ባቢሌ ከሐረር ብዙም አትርቅም። የዝሆን መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እዚያ ያሉት ዝሆኖች ከሌሎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ተነጥለው የቀሩ ናቸው። ከእነሱ ወዲያ በምሥራቅ በኩል ሌላ የዝሆን መንጋ የለም። አደኑ፣ እርሻው፣ ሰፈራው በየዓመቱ እያጠበባቸው ነው። ማኒ «የመጨረሻው እኔ ብሆንስ?» ብሎ ሲቆዝም የሚያለቅሰው ለጠፋ እንስሳ ብቻ አይደለም። ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ከሐረር ወዲያ ያለ መንጋ ይህንኑ ጥያቄ ተሸክሟል።

ስለዚህ ፊልሙን ከማየት አልፎ የሚጠይቅ ልጅ ካላችሁ የባቢሌን ዝሆኖች አንሱለት። ማሞዝን መመለስ አይቻለውም። የባቢሌን ዝሆን ግን ሲያድግ ሊጠብቀው ይችላል።

እኛ አገር የበረዶ ዘመን ነበር?

እኛ ከልጅነታችን በረዶ የምናውቀው ፍሪጅ ውስጥና ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው። አማርኛችንም ሰማይ የሚጥለውንም፣ ተራራ ላይ የሚነጠፈውንም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውንም በረዶ ነው የሚለው። ግን አዎ፣ ነበር። በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ ያኔ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር። የሳነቴ አምባ ላይ የወጣ ሰው በረዶው ያንከባለላቸውንና የደረደራቸውን ድንጋዮች ዛሬም ያያል። ቆላው ደግሞ ደረቀ። ከጣና ሥር የወጣው ደለል እንደሚያሳየው፣ ያ ዘመን ሊያበቃ ሲል ሐይቁ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር።

ያኔ እዚህ ድሬ ማን ነበረ? ሰው ነበረ። ከከተማችን በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከሸለቆው በላይ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1920ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ተገኝቶ በ1933፣ ቀጥሎም በ1970ዎቹ ተቆፍሯል። የድንጋይ መሣሪያ፣ የታደኑ እንስሳት አጥንት፣ የሰው መንጋጋም ወጥቶበታል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀለሙ ነው። ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይ አፈር፣ 40 ኪሎ ገደማ፣ ከነመፍጫ ድንጋዩ ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ነው። ማሞዞች ሰሜን ላይ ሣር ሲግጡ፣ እኛ ከተማ ራስጌ ሰው ተቀምጦ ቀይ አፈር ይፈጭ ነበር።

ይህ የኖኅ ታሪክ ነው?

ታሪኩ ጎርፍ አለው፣ ጀልባ አለው፣ እንስሳት አሉት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መድረሳ የሚሄደውም ልጅ ወዲያው «ኖኅ!» «ነቢዩ ኑሕ!» ይላል። ደስ የሚለኝ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም የሚያውቁትን እየተቀባበሉ ይተርኩታል። ፊልሙ ግን የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ አይተርክም። ነቢይ የለበትም፣ ቅጣትም የለበትም። ጀልባውም በሰው እጅ የተሠራ መርከብ ሳይሆን ትልቅ የዛፍ ቅርፊት ነው። ወላጅ የሃይማኖቱን ታሪክ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ክብር ቢናገረው ይሻላል።

በረዶ በሦስት ቀን ቀልጦ እንደዚያ ያለ ጎርፍ ይመጣል?

መቅለጡ በሦስት ቀን አይሆንም። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ የባሕር ውሃ በ120 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ የፈጀው ግን ብዙ ሺህ ዓመት ነው። ቀስ እያለ የመጣ ውሃ ነው።

ግንቡ ሲናድ የመጣው ጎርፍ ግን እውነት ላይ የቆመ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚዙላ የሚባል የጥንት ሐይቅ ነበር። ውሃውን የያዘው የበረዶ ግድብ ነበር። ግድቡ ሲሰበር ሐይቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንዶ ወረደ፤ ይህም አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ሆኗል። መሬቱ ላይ የተወው ጭረት እስከ ዛሬ ይታያል። የፊልሙ ሠሪዎች ሸለቆውን በበረዶ ግንብ ማጠራቸው ያለ ነገር አይደለም።

ማኒ ኤሊን «ዘራችንን እናትርፍ» ሲላት ልጄ ምን ማለቱ ነው አለ። ምን ልበል?

ማኒ ነገሩን አበላሽቶታል፤ ኤሊም ተቆጥታዋለች። ገና አንተዋወቅም፣ ስለ ልጅ ታወራለህ ነው ነገሩ። ለትንሹ «ቤተሰብ እንመሥርት ማለቱ ነው፣ ግን ሳይጠይቃት ተናገረ» ማለት ይበቃል። መጨረሻ ላይ የማሞዝ መንጋ ሲመጣ፣ ማኒ ዘራችንን ለማትረፍ ብለሽ ቅሪ አላላትም። ምርጫውን ለእሷ ተወላት። ያንን ትዕይንት ሴት ልጆቼም ወንዶቹም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

እኔ በማደጎ ያሳደግኩት ልጅ አለኝ። የኤሊ ታሪክ ይጎዳው ይሆን?

ይህን በጆሮዬ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። እኛ አካባቢ በጉዲፈቻ ያደገ፣ አክስቱ ወይም አያቱ ያሳደገችው ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም። ኤሊ ሕፃን ሆና በበረዶ መሃል ብቻዋን ስትንከራተት ያገኘቻት እናት ኦፖሰም ናት። ወስዳ ከልጆቿ ጋር አሳደገቻት። ኤሊ ያኔ የተገኘችበትን ዛፍ ስታየው ያ ቀን ትዝ ይላታል፤ ማሞዝ መሆኗንም ያኔ ትቀበላለች።

ፊልሙን የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ኤሊ ማን እንደሆነች ካወቀች በኋላም ክራሽና ኤዲ ወንድሞቿ ናቸው። ማንም «እነዚህማ ወንድሞችሽ አይደሉም» አይላትም። የወለደቻትን ማወቅዋ ያሳደገቻትን አላሳጣትም። ልጁ ነገሩን የሚያውቅ ከሆነ አብራችሁ እዩት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ራሱ ያወራል። ገና ያልተነገረው ከሆነ ግን ፊልሙ አይንገርለት። እናንተ ቅደሙ።

ስክራት መጨረሻ ላይ ሞቶ ገነት ገባ?

ሲሞት ይታያል፤ ሲድ ትንፋሽ ሰጥቶ ይመልሰዋል። በመሃል ስክራት ደመና ላይ ወርቃማ በር ከፍቶ ትልቋን ለውዝ ሊይዝ ሲል ነው የተመለሰው። ስለዚህ ሲድ ላይ ይናደዳል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ስለ ሞት የምር የጠየቀ ልጅ ካለ፣ የስክራት ገነት የካርቱን መሆኑን ነግራችሁ እምነታችሁ የሚያስተምረውን ንገሩት። ሸለቆውን ከጎርፍ ያዳነው ስክራት መሆኑንም አሳዩአቸው። ለውዟን በረዶው ላይ ሲተክል ግንቡ ተሰነጠቀ፣ ውሃውም ፈሶ ሄደ። እሱ ግን ማንንም ለማዳን አላሰበም።

ልጄ «ይሄ ደቻቱ ነው?» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ያን ዓመት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1998 መጋቢት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ድሬዳዋ ተኝታ ሳለች የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤቱ የፈረሰበት፣ ሜዳ ላይ ያደረው በሺዎች ነው። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም፤ ግን ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምተዋል። የሸለቆው ውሃ እንስሳቱን ሲያሳድድ የሚታያቸው ደቻቱ ነው።

ልዩነቱን በቀጥታ ንገሩት። የፊልሙ ጎርፍ ከበረዶ የመጣ ነው። የደቻቱ ጎርፍ ከዝናብ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚጥለው ግን ከላይ፣ ከደንገጎና ከዚያ ወዲያ ካለው ደጋ ላይ ነው። ዛፉ የተመናመነ ተራራ ውሃውን አይዝም። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ማኒና ጓደኞቹ ሦስት ቀን ተሰጣቸው። የእኛ ሰዎች ሦስት ደቂቃም አልተሰጣቸውም። ይህን ስናገር ድምፄ ይለወጣል፤ ልጆቹም ያውቁታል። መደበቅ የለብኝም ብዬ ተውኩት።

በጎርፉ ሰው ያጣ ቤተሰብ ካለ ፊልሙን ማሳየት ነውር አይሆንም?

መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ አንዲት ጎረቤቴን ልጆቿ ከመምጣታቸው በፊት ጠይቄያት ነበር። «ልጆቹ ይዩት፣ እኔ ግን አልገባም» አለችኝ። በረንዳ ላይ ሆና ሻይ አፈላችልን። ሌላ ሰው ደግሞ ልጄ አይየው ሊል ይችላል። ያ ቅዳሜ ሌላ ፊልም ይታያል።

ልጄ ፊልሙን ካየ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ እንቅልፍ እምቢ አለው። ምን ላድርግ?

«አይመጣም፣ ተኛ» አትበሉት። አያምናችሁም፤ እናንተም እርግጠኛ አይደላችሁም። ዲዬጎን አስታውሱት። ዲዬጎ ውሃ ይፈራ ነበር። ሲድ ግን «አትፍራ» አላለውም፤ እንዴት እንደሚዋኝ፣ እጁንና እግሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ነገረው። ጓደኞቹ ሲሰጥሙ ያየ ዕለት ዲዬጎ እየፈራ ዘሎ ገባ።

በበጋ፣ ወንዙ አሸዋ ሳለ፣ ልጁን ወደ ደቻቱ ውሰዱት። ከጎርፉ በኋላ ዳር ዳሩን የተሠራውን ግንብ በእጁ ይንካው። ውሃ ከየት እንደሚመጣ ወደ ተራራው አሳዩት። ዝናብ በበዛበት ወር አሸዋው ላይ እንደማይጫወት፣ ከላይ ከባድ ዝናብ ጣለ ሲባል ከወንዙ ዳር እንደሚርቅ ንገሩት። ከዚያ ከቤታችሁ ተነስታችሁ ሌሊት ቢሆን ወደ የትኛው ከፍታ እንደምትሄዱ በእግር ሂዱት። የመጀመሪያውን ጊዜ እናንተ ምሩት። ሲደገም እሱ ይምራችሁ፤ ታናሹንም እሱ ይያዘው።